ቃሬዛ የሚያስወጣ በር

ቤት ልትሠሩ ነው? እንግዲያው የሲሚንቶና የቆርቆሮውን ወሬ ለጊዜው ተዉትና የዘሊካን ስሙ። ስለ ቤት ሥራ የሚመክር ሰው በየበረንዳው ሞልቷል፤ ስለ ሚስማሩ፣ ስለ ቋሚው፣ ስለ ጣሪያው ቁልቁለት ሲያወራ ምላሱ አይደክምም። መነገር ያለበትን በሰዓቱ የሚናገር ግን አጣን። እኔ ይህን የምጽፈው ስለ ግንባታ ተምሬ አይደለም። ከባቲ መጥቼ ከሚሴ ዳር ሰፈር የያዝኩ ሰው ነኝ፤ የዘሊካ ጎረቤት ሆኜ ያየሁት አንጀቴን ስላቃጠለው ነው።

ዘሊካ የጨፋ ሮቢት ልጅ ናት። ከሚሴ የመጣችው ለሙሀዲን ተድራ ነው። እሱ እህል ጫኝና አውራጅ፣ እሷ የጭቃ ሠራተኛ። የጭቃ ሠራተኛ ስል ቀላል እንዳይመስላችሁ። በእኛ ሰፈር የእሷ መዳፍ ያላረፈበትን የጭቃ ግድግዳ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ውሃ ትቀዳለች፣ ጭድ ትበትናለች፣ ትረግጣለች፣ ትመርጋለች። ጭቃው በቅጡ ካልቦካ ደግሞ፣ "ይሄ ጥሬ ነው፣ እጄን አላስነካውም" ብላ ባልዲዋን ደፍታ ትቀመጥበታለች፤ አሠሪው ቢቆጣ ባይቆጣ ጉዳይዋ አይደለም። ከጤፍ ጭድ ጋር ተለውሶ፣ እየተገለበጠና እየተረገጠ፣ ሽታው እስኪለወጥ መሰንበት አለበት ትላለች። ሳይሰነብት የተመረገ ግድግዳ በደረቀ ማግስት ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። እውነቷን ነው፤ ይህን ያዙላት።

ግን የጭቃ ሴቶች የሚጠሩት መቼ ነው? ቋሚው ቆሞ ማገሩ ከተመታ በኋላ ነው። መሠረት ሲቆፈር እዚያ የሚገኘው ወንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ዘሊካ ዕድሜዋን ሙሉ በሰው ግድግዳ ላይ ስትውል፣ ከግድግዳው በታች ምን እንዳለ ያሳያት ሰው የለም። ለምን ያሳያታል? እሷ የምትፈለገው ለጭቃው ነው!

የሚኖሩት በኪራይ ነበር፣ ጁወይሪያ በምትባል ሴት ግቢ። ጁወይሪያ ከጠዋት እስከ ማታ "ውሃ እዚህ አትድፉ፣ ልብስ እዚያ አታስጡ" ስትል የምትውል ሴት ናት። ከክፍሎቹ ወደ መንገድ የሚያወጣው በግድግዳውና በቆርቆሮ አጥሩ መካከል ያለ ቀጭን መተላለፊያ ነው፤ አንዱ ጆንያ ተሸክሞ ሲገባ ሌላው ወደ ኋላው ይመለሳል። በዚያ ግቢ አንድ ሽማግሌ ተከራይ ሞቱ። ጀናዛቸው ሲወጣ ቃሬዛው መታጠፊያው ላይ አልዞር አለ። በጎን ቢሉት አልሆነም፤ ከፍ ቢያደርጉት የጣሪያው ክፈፍ ያዘው። በመጨረሻ ሬሳውን ከቃሬዛው ጋር በገመድ አስረው እንደ ቁም ሳጥን አቁመው አወጧቸው። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ሙሀዲን ነበር።

ከቀብር ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ፣ "ዘሊካ" አላት፣ "እኔን እንዲህ እንዳታስወጪኝ።"

"ምን ሆነሃል አንተ? ማን ሊሞት ነው?"

"ዕድሜ ልኬን ጆንያ ሳቆምና ሳስተኛ ኖርኩ። እኔ ራሴ ግን ጆንያ አይደለሁም።"

ሳቀችበት። በሌላው ዓመት ሆዱ ማበጥ፣ ዓይኑ ቢጫ መሆን ሲጀምር ግን ሳቁ ቀረ። ሐኪሙ ጉበት ነው አለ፤ ከዚያ በላይ የተናገረውን ዘሊካ ለማንም አልነገረችም። ሙሀዲን ደግሞ መድኃኒትም ሐኪምም አልፈለገም፤ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚለው፤ ከገዛ ቤቴ በር፣ ተንጋልዬ፣ ሳልዘቀዘቅ ልውጣ። እንግዲህ የቤቱ ነገር ሁሉ ይኸው ነው። ለኑሮ የታሰበ ቤት አልነበረም።

መሬት ነበራት። ልጅ ሳይወልዱ የሞቱ አክስቷ የተዉላት፣ ወደ ቦርከና ወንዝ በሚያዘቀዝቀው በኩል ያለ ቁራጭ። አክስቷ ሸንኮራ አገዳ ያበቅሉበት ነበር። አሁን ቆም በሉና አስቡ፤ ሸንኮራ ምን ይወዳል? ውሃ! ዘሊካ ግን በጥር ሄዳ ስታየው ደረቅ፣ ጥቁር፣ የተሰነጣጠቀ መሬት ነው። በኦሮምኛ ኮቲቻ የሚሉት አፈር ነው። በበጋ ክንድ የሚውጥ ስንጥቅ ያወጣል፤ ክረምት ሲጠጣ ያብጣል፣ የተቀመጠበትን ሁሉ ያነሳል፣ ያጣምማል። እንዲህ ያለ መሬት ላይ ቤት የሚሠራ ሰው ጥቁሩን አፈር ቆፍሮ ማውጣት፣ ገረጋንቲ የሚባለውን ጠጠራማ አፈር ማስገባት፣ መደልደል አለበት። አለዚያም ቦታ ይለውጥ። ይህን የማያውቅ አናጢ በከተማችን የለም።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። በእኛ አገር ቤት ከመሠራቱ በፊት ዱዓ ይደረጋል። ሰፈሩ ይጠራል፣ ሽማግሌ እጃቸውን ያነሳሉ፣ ሌላው አሚን ይላል። በዱዓው ላይ አንድም ቅሬታ የለኝም፤ ቤት ያለ ዱዓ አይጀመር። የሚያናድደኝ የሚከተለው ነው። አንዴ አሚን ከተባለበት መሬት ላይ ክፉ ነገር አይወራም። "ይሄ መሬት ይሰምጣል" ያለ ሰው እንደ አሟራች ይታያል፤ ቤቱ ነገ ቢሰነጠቅ በእሱ አፍ የመጣ ነው ይባላል። ስለዚህ ሁሉም አፉን ይይዛል። ከዱዓው በፊትስ? ከዱዓው በፊት የሚጠይቅም የለም። ሰው የሚጠራው ለአሚን ነዋ!

ዘሊካም እንደ ወጉ አደረገች። የሰፈሩን ትልቅ ሰው ሸህ ጀማለዲንን ጠራች፤ ጎረቤት ሁሉ መጣ። ሸሁ ባዶው መሬት መካከል ቆመው፣ "ያ አላህ፣ ይህን መሬት የዕረፍት አድርግላቸው" አሉ። አሚን ተባለ። ንፍሮ ተበላ። ሸሁ ሲሄዱ በእግራቸው መሬቱን ጫን ጫን አድርገው አዩት፤ ዘሊካ የደስታ መስሏት ነበር።

በማግስቱ አናጢው ከማል የማዕዘኑን ቋሚ ጉድጓድ መቆፈር ጀመረ። ከማል እጁ ቀና የሆነ ሰው ነው፤ የባህር ዛፉን ልጥ ጥርግ አድርጎ ልጦ፣ ከመሬት የሚገባውን በኩል በእሳት ለብልቦ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ይቀባዋል፣ ምስጥ እንዳይደፍረው። ከወገቡ በላይ ሲወርድ አፈሩ ግራጫ ሆነ፤ ሽታ አመጣ። ዘሊካ ውሃ ልትሰጠው ጎንበስ ስትል የጉድጓዱ ወለል ያብለጨልጫል።

"ከማል፣ ይሄ ምነው ላበው?"

"አብሽሪ ሃዳ ኢማን፣ የጠዋት ጤዛ ነው።" ሃዳ ኢማን የኢማን እናት ማለት ነው፤ ኢማን ባቲ ያገባች ብቸኛ ልጃቸው ናት።

ጤዛ! ከወገብ በላይ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ጤዛ! ጥቂት ድንጋይ ወረወረበትና ቋሚውን አቆመ። ዱዓ ተደርጓል፤ በሽተኛ ሰው በጉጉት ይጠብቃል፤ እሱ ምን ብሎ ክፉ ያውራ? ይሉኝታ ይዞት እንዲህ ነበር ያሰበው።

ጂጌው የተጠራው ረመዳን ሊገባ ሲል ነው። ጂጌ ማለት ሰፈሩ ወጥቶ የአንድ ሰው ሥራ በአንድ ቀን የሚያነሳበት ነው። ጭቃውን ዘሊካ ራሷ ቀደም ብላ አቡክታ አሰንብታዋለች፤ ጭዱ ከጨፋ የመጣ ጥሩ የጤፍ ጭድ ነው። ወንዶቹ እየረገጡ መንዙማ ያወርዳሉ፣ ሴቶቹ በባልዲ ያቀብላሉ። ሙሀዲን አንዲት ግራር ሥር በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጦ፣ ሆዱን በጋቢ ሸፍኖ ያዛል።

"ወፈር አድርጋችሁ ምረጉት! ከእኔ ቀድሞ እንዳይሞት።"

"አንተ ደግሞ አፍህ!" አለው ከማል ከመሰላሉ ላይ። "ይልቅ ስለ በርህ ንገረኝ። ስፋቱ ለሰው ይሁን ለግመል?"

"ለቃሬዛ። ተሸካሚውም ክርኑ እንዳይነካ።"

"እንደዚያ ከሆነ ባለ ሁለት ተካፋች ነው። ሙሽራ የምታገባ ነው የምትመስለው።"

"ሙሽራዋማ ያቻት፤ ጭቃ ለብሳ" አለ ዘሊካን በአገጩ እያመለከተ። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ፤ ዘሊካ የእጇን ጭቃ ጠቅልላ ወረወረችበት። በዚያ ቀን ከነበርነው ሰዎች ስንቶቹ ከእግራቸው በታች ያለውን ያውቁ እንደነበር አሁን ሳስብ፣ ያ ሳቅ ያሳፍረኛል።

በሩ ተሠራ። ሙሀዲን ተደግፎ መጥቶ ስፋቱን በክንዱ ለካው፤ ሁለቱን ተካፋች ከፈተ ዘጋ፣ ከፈተ ዘጋ። "ይሄ በር ነው" አለ። ጥቅልል ብለው ገቡ። ጁወይሪያ በተሰናበቱ ቀን፣ "ሂዱ፣ እፎይ አልኩ" ካለች በኋላ የራሷን ምንጣፍ ይዛ ተከትላቸው መጣች።

በጋው በደህና አለፈ። ሙሀዲን ጠዋት ጠዋት ወንበሩን ደጃፉ ላይ አውጥቶ ወደ ቦርከና የሚወርዱትን ከብቶች ያያል። ሰላም ላለው ሁሉ፣ "ግቡ፣ በሩ ሰፊ ነው" ይላል። ዘሊካ ግድግዳዋን በአመድና በእበት አለስልሳ ለቅልቃዋለች፤ አንድ ስንጥቅ የለበትም። ከእሷ እጅ የወጣው ሥራ እንከን አልነበረበትም፤ ይህን ደጋግሜ ነው የምናገረው።

ሐምሌ ገባ። መጀመሪያ የቤቱ ወለል ጥግ ላይ ረጠበ። ከዚያ ከመስኮቱ ማዕዘን ወደ ጣሪያው አንድ መስመር ወጣ። ዘሊካ ጭቃ አቡክታ ደፈነችው፤ ከሌላ በኩል ወጣ። ደፈነችው። "ምርጊቴ ነው፣ አንድ ነገር አጉድያለሁ" እያለች ራሷን ትወቅስ ነበር። በሩ መፋተግ ጀመረ፤ ከማል መጥቶ በመላጊያ ላገላት። በሳምንቱ እንደገና ፋተገ፤ እንደገና ላገው። "ጣውላው ውሃ ጠጥቶ ነው" አለ። እኔም በጎረቤት አፌ "ገረጋንቲ አስገብታችኋል?" ብዬ ጠይቄ ነበር፤ ከማል፣ "አንተ እንግዳ ነህ፣ በሽተኛ ባለበት አታሟርት" ብሎ አስወጣኝ።

ነሐሴ ውስጥ፣ ሌሊቱን ሲወርድ ባደረ ዝናብ ማግስት፣ ዘሊካ ተነስታ በሩን ስትገፋ አልነቃነቅ አለ። የማዕዘኑ ቋሚ ተነስቶ ሌላው ሰምጧል፤ ጉበኑ ተጣሞ በሁለቱ ተካፋቾች ላይ ተቀምጧል። ጩኸቷን ሰምተን ሮጥን። ከማል ጉበኑን አየና እጁን ዘርግቶ ከለከለን።

"በሩን እንዳትነኩ። በሩን ካላቀቅነው ጉበኑ ይወርዳል፣ ጣሪያው ይከተላል። በመስኮት ነው።"

የመስኮቱን አቃፊ ነቀልነው። ዘሊካ ከውስጥ፣ እኛ ከውጭ ሆነን ሙሀዲንን አወጣነው። እግሩ ቀድሞ ወጣ፣ ራሱ ወደ ታች፣ ጋቢው ሆዱ ላይ ተጠቅልሎ። ውጭ ጭቃው ላይ ካስቀመጥነው በኋላ ትንፋሹን ሰብስቦ ከማልን አየው።

"ያ ሰፊ በር" አለ፣ "ለማን ነበር የሠራኸው?"

ሊቀልድ ነበር ያሰበው። ከማል ግን ዞሮ ሄደ።

ሌላ የሚወስዱት ቦታ አልነበረም፤ ጁወይሪያ ጋ ወሰዱት። ሴትየዋ በደጃፉ ቆማ፣ "ክፍሉ አልተከራየም፤ ዝም ብዬ ነው የተውኩት" አለች። ውሸቷን እንደሆነ ግቢው ሁሉ ያውቃል፤ ተከራዩን በዚያው ጠዋት ወደ ራሷ ሳሎን አዛውራ ነው። ሙሀዲን እዚያው፣ ድሮ በነበረበት ክፍል፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞተ።

ታጠበ፣ ተከፈነ። ቃሬዛው መጣ። ያኔ ዘሊካ ከሴቶቹ መካከል ተነስታ ደጃፉ ላይ ቆመች።

"ሸሄ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ። በቤታችን በር ያሳልፉልኝ። ከማል በሩን ይንቀለው፤ አስገብታችሁ አውጡት፣ አንዴ ብቻ። የለመነው እሱን ብቻ ነው።"

ሸህ ጀማለዲን አንገታቸውን ደፉ። "ልጄ፣ ጀናዛ አይጉላላም።"

"ወደ መቃብሩ በምትሄዱበት መንገድ ላይ እኮ ነው!"

"አይሆንም ሃዳ ኢማን" አለ ከማል። "ተሸካሚው ላይ ይወርዳል። ኩሬ ላይ የቆመ ቤት እኮ ነው።"

ቃሉ ካፉ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳለ የገባው።

"የምን ኩሬ?" አለች ዘሊካ።

ሸሁ፣ "ድሮ ከብት የምናጠጣበት ነበር" አሉ። "መንገድ ሲሠራ ትርፉን አፈር ደፉበት። ከዚያ አክስትሽ ሸንኮራ ተከሉ። አንቺ ከሮቢት ሳትመጪ ነው።"

"እርስዎ ያውቁ ነበር?"

"ጥጃ አጠጥቼበታለሁ።"

"አንተስ?" ከማልን። መሬት መሬት ያያል። ዞር ብላ የቆሙትን ወንዶች አየች፤ ጭቃዋን የረገጡላትን፣ ንፍሮዋን የበሉትን። ፊቱን የማያዞር አልነበረም። "አሚን ስትሉ ታውቁ ነበር?"

"የጠራሽኝ ለዱዓ ነው፣ ልጄ" አሉ ሸሁ፣ ድምፃቸው ደክሞ። "መሬቱን ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር። አንዴ እጄን ካነሳሁ በኋላ፣ ሰውየው እንደዚያ እየጓጓ፣ ምን ብዬ ላፍርስብሽ?"

"እኔ ምርጊቴ መስሎኝ" አለች። "ሌት ተቀን ስደፍን የከረምኩት ምርጊቴ መስሎኝ እኮ ነው።"

ሸሁን ክፉ ሰው ናቸው አልልም። ክፉ ቢሆኑ ይሻል ነበር፤ ክፉን ሰው እንጠነቀቀዋለን። እኒህ ለሙሀዲን ልባቸው የራራ ሰዎች ናቸው። ርኅራኄያቸው ነው በመስኮት ያስወጣው።

ዘሊካ ወደ ተሸካሚዎቹ ዞረች። "እንግዲያው እንዳታዘቀዝቁት። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

ወንዶቹ መተላለፊያውን አዩት፤ መታጠፊያው እንደ ድሮው ነው። እርስ በርስ ሲተያዩ ጁወይሪያ ከኋላ ጮኸች።

"ምን ትገተራላችሁ? አጥሩን ንቀሉት!"

"ጁወይሪያ፣ አጥርሽ..."

"ቆርቆሮ ነው! ንቀሉት አልኩ!"

ተሽቀዳደሙ። ሚስማሩን በእጁ የሚነቅል፣ ቋሚውን በትከሻው የሚገፋ። አንድ ቃል ለመናገር የከበደው ሰው ሁሉ አጥር ለማፍረስ እጁ ፈጥኖ። ሙሀዲን በፈረሰው አጥር በኩል፣ ተንጋሎ፣ ሳይዘቀዘቅ ወጣ። ከሰው በር ቢሆንም፣ እንደ ጆንያ አልቆመም። ዘሊካ ቃሬዛው ከዓይኗ እስኪጠፋ አጥሩ በነበረበት ቆማ አየችው።

ዒዳዋን፣ የባል ሞት አራት ወር ከዐሥር ቀኗን፣ በጁወይሪያ ግቢ ተቀምጣ ጨረሰች። ዒዳው ባለቀ ሰሞን በጋ ነበር። ሄዳ ያንን ቤት ራሷ አፈረሰችው፤ ቆርቆሮውን ሳታጣምም፣ ማገሩን ሳትሰብር፣ በሩን በመጨረሻ። ከዚያው መሬት ከላይኛው ጫፍ ድንጋያማ ቁራጭ አለ፤ ጠባብ ነው፣ ቆፍረው አያዘልቁትም ተብሎ የተናቀ። ከአንድ ክፍል በላይ አያሠራም። ሰው ጠራች። ሸሁም መጡ፤ ይመጣሉ ብዬ አልጠበቅኩም። እጃቸውን ሊያነሱ ሲሉ ዘሊካ ያዘቻቸው።

"ቆይ ሸሄ። መጀመሪያ ክፉውን ንገሩኝ።"

"እንዴት?"

"የዚህን መሬት ክፉ የሚያውቅ አሁን ይናገር። ከዱዓው በኋላ አልሰማም።"

መጀመሪያ የተናገረው ከማል ነው። "ከላይ ጎርፍ ይመጣል። በጀርባው ቦይ ካልተቆረጠ ግድግዳውን ይበላዋል።" አንዲት ሴት፣ "እዚያ ቁጥቋጦው ሥር ምስጥ አለ" አለች። ሸሁ ዘንጋቸውን ድንጋዩ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ መቱት። "ታች ያለው ይኼ ድንጋይ ነው፤ ከዚህ በታች የማውቀው የለም" አሉ። "ዱጋ ነው፣ ልጄ።" እውነት ማለታቸው ነው።

"አሁን ዱዓ ያድርጉልኝ" አለች።

ቤት የምትሠሩ፣ ይህን ነው ከእሷ የምትወስዱት። ሌላውን ማንም ይነግራችኋል።

ቋሚው ቆመ፣ ግድግዳው ተመረገ። ያ የድሮው ሰፊ በር ሲመጣ ከማል አቁሞ አየው፤ የክፍሏን አንድ ወገን ሊሞላው ምንም አልቀረውም። መጋዙን አነሳ።

"ሃዳ ኢማን፣ ለአንድ ክፍል ይበዛል። አንዱን ተካፋች ልቀንሰው?"

ዘሊካ የእጇን ጭቃ በቀሚሷ ጠርጋ በሩን ያዘችው።

"አትንካው። ልኩን የሰጠህ እሱ ነው።"

ከማል መጋዙን አስቀመጠ።